እግሩ ሞተር የሆነው ሮቦት፦ የአንድ ቅርጽ ቀያሪ ሞዴል የሥራ ማስታወሻ

ቀን 1

ዛሬ ሁለት ሳጥን ከፈትኩ። በሁለቱም ውስጥ ያለው አንድ ዓይነት ኪት (ተገጣጣሚ የሞዴል ክፍሎች ስብስብ) ነው፤ በ1/72 ሚዛን የተሠራ፣ በልብ ወለድ ዓለም ብቻ የሚገኝ፣ ከተዋጊ አውሮፕላንነት ወደ ባለ ሁለት እግር ሮቦትነት የሚለወጥ መሣሪያ። በአውሮፕላንነቱ ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ 20 ሴንቲሜትር ያህል ይረዝማል፤ ይህ በ72 ሲባዛ 14 ሜትር ከ40 ይሆናል። አንደኛውን ኪት ሳልቀባ ገጥሜ መፈተኛ አደርገዋለሁ፤ ሁለተኛውን ከመጀመሪያው በተማርኩት መሠረት ቀብቼ እጨርሰዋለሁ።

ሥራውን የጀመርኩት አንድ ጥያቄ ይዤ ነው። በታሪኩ ውስጥ ቅርጹን የሚቀይር ሮቦት ሞዴል ሲሠራለት ሞዴሉም በእጅ ሊቀየር ይገባዋል ወይስ አምሮ በአንድ አቋም ቢቆም ይሻላል? ለብዙ ዓመታት መልሴ ሁለተኛው ነበር። ሞዴል ለዓይን የሚሠራ ነገር ነው፣ ማጠፊያ የበዛበት ሥራ ደግሞ ክፍተቱም ልልነቱም ይበዛል ብዬ አምን ስለነበር፣ እስከ ዛሬ የሠራኋቸውን ቅርጽ ቀያሪዎች አብዛኞቹን ማጠፊያቸውን በሙጫ ዘግቼ፣ የመጋጠሚያ መስመራቸውን በስቱኮ ሞልቼ ነው የጨረስኳቸው። አሁን ያንን እምነት በእጄ መርምሬ ልጥለው ወይም ላጸናው እፈልጋለሁ።

የዛሬው ሥራ ጥቂት ነው። ክፍሎቹን ከነክፈፋቸው (ተያይዘው ከሚመጡበት የፕላስቲክ ዘንግ ጋር) አጥቤ አደረቅኩ፤ በየክፈፉ ጠርዝ ላይ የተጻፈውን የፕላስቲክ ዓይነት መዘገብኩ። የውጭ ቅርፊቱ በሙሉ ፖሊስታይሪን ነው፤ የዳሌና የጉልበት ማጠፊያዎቹ ኤቢኤስ ናቸው፤ በመጋጠሚያዎቹ ውስጥ የሚገቡት ቀለበቶች ለስላሳ ፖሊኤትሊን ናቸው። ፖሊስታይሪን በሚያሟሟ ማጣበቂያ እርስ በርሱ ይዋሃዳል፤ ፖሊኤትሊን ሙጫም ቀለምም አይዝም፤ ኤቢኤስ ጠንካራ ቢሆንም ቲነርን አይወድም። ይህን ሦስት መስመር ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት።

ቀን 3

የመፈተኛውን ኪት ሁለቱን እግሮችና ሆዱን ገጠምኩ። በአውሮፕላኑ ላይ ሞተር የምንላቸው ሁለቱ ረጃጅም ሳጥኖች በሮቦቱ ላይ እግሮች ናቸው። ከኋላ ያለው የጭስ ማውጫ አፍ ለሁለት ተከፍሎ ጣትና ተረከዝ ይሆናል፤ ክንዶቹ ታጥፈው ከሆዱ በታች በሁለቱ እግሮች መካከል ይተኛሉ፤ ጭንቅላቱ ሆዱ ሥር ተገልብጦ ይቀመጣል፤ አፍንጫው ከነአብራሪው ክፍል ወደ ታች ታጥፎ የደረቱና የሆዱ ፊት ይሆናል።

ይህን ሁሉ ከሥዕል አውቀው ነበር። ያላወቅኩት ግን አውሮፕላኑ ለምን እንዲህ ዓይነት አውሮፕላን እንደሆነ ነው። ሁለቱ ሞተሮች የተራራቁት ለክንዶቹ ቦታ ለመተው ነው። ኤፍ-14 ቶምካት የተባለው እውነተኛ ተዋጊ አውሮፕላንም ሞተሮቹ ተራርቀው የተቀመጡ ናቸው፤ በእርሱ ላይ በመካከላቸው ያለው ሰፊ ጠፍጣፋ ቦታ ሚሳይል ይሸከማል፣ አውሮፕላኑን በአየር ላይ ለማንሳትም ይረዳል። የሮቦቱ ነዳፊ ያንን ባዶ ቦታ አይቶ ሁለት ክንድ አስተኛበት። ማጠፊያዎቹን በሙጫ ዘግቼ በሠራኋቸው ሞዴሎች ላይ ይህ ምክንያት ፈጽሞ አልታየኝም ነበር፤ ክንዶቹን ከታች የሚለጠፉ ጌጦች አድርጌ ነበር የማያቸው። ዛሬ የግራውን ክንድ በወረንጦ ይዤ ቦታው ላይ ሳስገባው፣ ክርኑ ታጥፎ፣ ጡጫው ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ከሞተሩ ጎን ያለ ምንም ግፊት ሲያርፍ፣ የእጁ ርዝመትና የሞተሩ ርዝመት ከአንድ ስሌት የወጡ መሆናቸውን አየሁ።

በካሊፐር ለካሁት። በእግሮቹ መካከል ያለው ስፋት 24 ሚሊሜትር ነው፤ እያንዳንዱ ክንድ በወፍራሙ ቦታ 11.5 ሚሊሜትር ነው። ሁለቱ ክንዶች 23 ይይዛሉ፤ የሚተርፈው 1 ሚሊሜትር ለሦስት ክፍተቶች ይካፈላል። ይህን ቁጥር አስቀምጬዋለሁ፤ ቀለም ሲመጣ እመለስበታለሁ።

ቀን 5

የመፈተኛው ኪት ሙሉ በሙሉ ተገጥሟል። ከአውሮፕላን ወደ ሮቦት፣ ከሮቦት ወደ አውሮፕላን ሃያ ጊዜ ቀየርኩት። የማውቀውን ሰውነት በተለያየ አቋም ደጋግሞ ማየት ያስደስታል፤ ደስታው ግን ዛሬ የምመዘግበው አይደለም። የምመዘግበው ምን እንደላላ ነው።

ፖሊኤትሊን ቀለበት ያለባቸው መጋጠሚያዎች በሃያኛውም ጊዜ እንደ መጀመሪያው ያዙ። መጀመሪያ የተሸነፈው ትከሻው ነው፤ እዚያ ላይ የፖሊስታይሪን እንዝርት በፖሊስታይሪን ቀዳዳ ውስጥ በቀጥታ ይዞራል፤ በአሥራ ሁለተኛው ጊዜ ክንዱ በራሱ ክብደት መውደቅ ጀመረ። እንዝርቱን በሱፐር ግሉ ስስ አድርጌ ቀብቼ፣ ፈጽሞ እስኪደርቅ ትቼ፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ጥቂት አሸሁት፤ ውፍረቱ ሲመለስ ሰበቃው ተመለሰ። ሙጫው ሳይደርቅ የመለሰው ሰው ትከሻውን ለዘለዓለም ያጣብቀዋል፤ ስለዚህ አንድ ሌሊት አሳድሬዋለሁ።

ዳሌው የተለየ ችግር አለው። ሮቦቱ ሲቆም የሰውነቱ ክብደት በሙሉ በሁለት ጠባብ ክንዶች (የሮቦቱ እጆች ሳይሆኑ ሆዱንና እግሮቹን የሚያገናኙ ዘንጎች) አማካኝነት ወደ እግሮቹ ይወርዳል፤ እነዚህ ክንዶች በአውሮፕላንነት ጊዜ እግሩን ወደ ኋላ ለማስተኛት የሚወዛወዙት ራሳቸው ናቸው። ቅርጽ ለማይቀይር ሮቦት ዳሌ አንድ ወፍራም ድንቡልቡል መጋጠሚያ ይበቃዋል። እዚህ ግን እግሩ ከመዞሩ በፊት ከቦታው ወጥቶ መጓዝ አለበት፤ መጓዝ ያለበት ነገር ደግሞ ረጅም ክንድ ያስፈልገዋል፤ ክንዱ ሲረዝም በጫፉ ላይ ያለው ጫና ይጨምራል። ሮቦቱ ከቆመ ከአንድ ሰዓት በኋላ ወደ ፊት ሁለት ሚሊሜትር ያህል ጎንበስ ብሎ አገኘሁት።

ቀን 6

ዛሬ መቁረጫም ሙጫም አልነካሁም፤ ሌሎች ይህን ጥያቄ እንዴት እንደመለሱት አሰብኩ። ማክሮስ የተባለው የጃፓን የቴሌቪዥን ተከታታይ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1982 ሲጀምር፣ ሾጂ ካዋሞሪ የነደፈው ቪኤፍ-1 ቫልኪሪ ሦስት ቅርጽ ነበረው፦ አውሮፕላን፣ ሮቦት፣ እና እግርና ክንድ ያወጣ አውሮፕላን የሚመስለው መካከለኛው። ታካቶኩ የተባለው የአሻንጉሊት አምራች በ1/55 ሚዛን ያወጣው አሻንጉሊት በእጅ እየተለወጠ ሦስቱንም ያሳይ ነበር። ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ ደግሞ የሞዴል አምራቹ ሃሴጋዋ ያንኑ መሣሪያ በ1/72 ሚዛን ሲያወጣ አውሮፕላኑን በአንድ ሳጥን፣ ሮቦቱን በሌላ ሳጥን አደረገው፤ ሁለቱም አይለወጡም። በዚህ ምክንያት የአውሮፕላኑ መስመር እንደ እውነተኛ አውሮፕላን ሞዴል ቀጭንና ንጹሕ ሆነ። ሌላው አምራች ባንዳይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 የኋለኛውን ትውልድ ቪኤፍ-25ን በዚያው በ1/72 ሚዛን ሙሉ በሙሉ የሚለወጥ ኪት አድርጎ አቀረበ።

ዜታ ጋንዳም በተባለው ሌላ የጃፓን ቅርጽ ቀያሪ ሮቦት ላይ ይህ ምርጫ በአንድ መሣሪያና በአንድ አምራች በባንዳይ ውስጥ እንኳ ሲለዋወጥ ይታያል፤ ከዚህ በታች ግሬድ የምላቸው የባንዳይ የኪት ደረጃዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የ1/100 ማስተር ግሬድ ኪት በራሱ ማጠፊያዎች ይለወጣል፤ በ2003 የወጣው የ1/144 ሃይ ግሬድ ክፍሎችን በመተካት ይለወጣል፤ በ2012 የወጣው ሪል ግሬድ ደግሞ በዚያው በ1/144 ሚዛን፣ ማለት 14 ሴንቲሜትር በማይሞላ ቁመት፣ ሙሉ ለውጡን በማጠፊያ አደረገው። ሦስቱም ገዢ ስላገኙ ብቻ ትክክል ናቸው ማለት አይበቃኝም። ዓይነቱ የተለያየ መልስ የመጣው ጥያቄው ሁለት ጥያቄ ስለሆነ ይመስለኛል፤ ገና ግን በግልጽ ልለየው አልቻልኩም።

ካዋሞሪ ሐሳቡን በሌጎ ጡቦች እየገጣጠመ እንደሚፈትን የታወቀ ነው። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ቅርጹ በወረቀት ላይ ከመሳሉ በፊት በእጅ ታጥፎ የተፈተነ ከሆነ፣ መታጠፉ የንድፉ መነሻ እንጂ ኋላ የተጨመረበት አይደለም።

ቀን 9

ዛሬ ጠዋት የመፈተኛው ኪት የግራ ዳሌ ተሰንጥቆ አገኘሁት። ጥፋቱ የእኔ ነው። ትናንት ማታ የመስመር ማድመቂያ ቀለም ልሞክር ብዬ በኢናሜል ቲነር አቅጥኜ በብሩሽ ጫፍ ዳሌው አጠገብ ነካሁት፤ ፈሳሹ በመስመሩ ውስጥ እየሮጠ የኤቢኤሱ ክንድ ወደሚታቀፍበት ቦታ ገባ። ግድግዳው ላይ የለጠፍኩትን ራሴ አላነበብኩትም።

ስንጥቁን በማጉያ መነጽር አየሁት። ከእንዝርቱ ቀዳዳ ተነሥቶ ወደ ጠርዙ በቀጥታ የሄደ፣ እንደ ጸጉር የቀጠነ፣ ጫፉ ላይ ነጣ ያለ መስመር ነው። ከጎኑ ያለው ተመሳሳይ ቲነር የነካው ጠፍጣፋ ቦታ ምንም አልሆነም። ልዩነቱ ውጥረቱ ነው፦ እንዝርቱ በቀዳዳው ውስጥ ጠብቆ ስለተቀመጠ ፕላስቲኩ ቀድሞውኑ ተወጥሮ ነበር፤ ቲነሩ በተወጠረው ቦታ ሲገባ ፕላስቲኩን ሰነጠቀው። እንግዲህ በሚታጠፍ ሞዴል ላይ ማጠፊያው ሁልጊዜ የተወጠረ ነው፤ መስመር ማድመቅ ያለበት ሰው ወይ ክፍሎቹን ፈትቶ ውጥረቱን አስወግዶ ይሥራ፣ ወይም በውኃ የሚቀጥን አክሪሊክ ይጠቀም። በሁለተኛው ኪት ላይ ሁለቱንም አደርጋለሁ።

ቀን 10

የተሰነጠቀውን ክንድ ማጣበቅ አልፈለግኩም፤ ያው ጫና ያንኑ መስመር መልሶ ይከፍተዋል። በእጅ ትራፓኖ የእንዝርቱን ቀዳዳ ወደ 2 ሚሊሜትር አስፍቼ፣ ውጪው 2 ሚሊሜትር የሆነ የነሐስ ቱቦ ቆርጬ አስገባሁ፤ በውስጡ የሚያልፈው የብረት ዘንግ 1.4 ሚሊሜትር ነው። በሁለቱም ጎን ከስስ የፕላስቲክ ወረቀት የቆረጥኳት ሮንዴላ አለች። አሁን የሚዞረው ብረት በብረት ላይ ነው፤ ፕላስቲኩ ቱቦውን ከመያዝ ሌላ ሥራ የለውም። ሰበቃው ከሮንዴላዋ ስለሚመጣ ስትላላ እርሷን ብቻ መቀየር ይቻላል። በሁለተኛው ኪት ሁለቱንም ዳሌዎች ከመጀመሪያው እንዲህ ሠራሁ። ሮቦቱ በመፈተኛው ዳሌ ለሦስት ሰዓት ቆሞ ምንም አልጎነበሰም።

ቀን 14

ሁለተኛው ኪት ተቀብቷል። ፕራይመር፣ መሠረታዊ ቀለም፣ ከዚያም የመከላከያ ንጣፍ ተደራርበው በአንድ ገጽ ላይ 0.08 ሚሊሜትር ጨመሩ፤ የለካሁት ከኪቱ ክፈፍ በቆረጥኩት ጠፍጣፋ ቁራጭ ላይ ነው። በሦስተኛው ቀን ወዳስቀመጥኩት ቁጥር ልመለስ። በእግሮቹ መካከል ክንዶቹ ሲተኙ ስድስት ገጾች ይተያያሉ፦ የሁለቱ እግሮች ውስጠኛ ጎን፣ የእያንዳንዱ ክንድ ሁለት ጎን። ስድስት ጊዜ 0.08 ማለት 0.48 ነው። ከነበረኝ የ1 ሚሊሜትር ትርፍ ግማሹ በቀለም ተበላ። የቀረው ለሦስት ክፍተት ሲካፈል ለእያንዳንዱ 0.17 ሚሊሜትር ነው፤ ክንዱ ሲገባ ትንሽ ቢያዘም ቀለሙ ይፋቃል።

ስለዚህ ከእነዚህ ገጾች በአንዳንዶቹ ላይ ቀለሙን ገፈፍኩ። የክንዱን ውስጠኛ ጎን በ1000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት እስከ ፕላስቲኩ አሽቼ፣ በጥቁር ስስ ቀለም አንድ ጊዜ ብቻ ሸፈንኩት። የእግሮቹን ውስጠኛ ጎንም እንዲሁ። ሮቦቱ ሲቆም የክንዱ ውስጠኛ ጎን ወደ ሰውነቱ ስለሚዞር ብዙ አይታይም፤ የእግሩ ውስጠኛ ጎን ግን ይታያል፤ እዚያ ላይ ንጣፉ ስስ መሆኑን የሚያውቅ ዓይን ያየዋል። ይህን ዋጋ ለመክፈል ወስኛለሁ፤ ምክንያቱም ሁለቱ ሞተሮች እንዲህ የተራራቁበት ምክንያት ክንዶቹ ናቸውና፣ ክንዶቹ የማይገቡበት ክፍተት ትርጉም የሌለው ክፍተት ይሆናል።

ቀን 17

ጥያቄው ሁለት መሆኑ ዛሬ ግልጽ ሆነልኝ።

ከአፍንጫው ኋላ፣ ሆዱ ላይ፣ ኪቱ አንዲት ትንሽ ተንሸራታች ክዳን አለችው። አውሮፕላኑ ሲሆን የዳሌውን መሣሪያ ትሸፍናለች፤ ሮቦቱ ሲሆን ወደ ውስጥ ገብታ ቦታ ትለቃለች። ለመንሸራተት ሐዲድ ያስፈልጋታል፣ ለሐዲዱ ሲባል ሆዱ ከሚገባው በላይ 2 ሚሊሜትር ወፍሯል፤ ክዳኗ ራሷም 0.6 ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነች በጣት ስትነካ ትጎብጣለች። ይህች አንዲት ክዳን የአውሮፕላኑን መስመር በሙሉ አበላሽታለች፤ ለለውጡም ምንም አታስረዳም። እግሩ፣ ክንዱ፣ ጭንቅላቱና አፍንጫው ወዴት እንደሚሄዱ ለሚጠይቅ ሰው ክዳኗ መልስ የላትም።

ሐዲዱን ቆርጬ አወጣሁት፤ ሆዱን በሞረድ አሳንሼ ሁለት ክዳን ሠራሁ፦ አንዱ ለአውሮፕላን፣ አንዱ ለሮቦት፣ ሁለቱም 2 ሚሊሜትር ስፋትና 1 ሚሊሜትር ውፍረት ባላቸው ማግኔቶች የሚያዙ። ይህ ክፍል መተካት ነው፤ ከጥቂት ቀናት በፊት እንደ ሽንፈት እቆጥረው ነበር። አሁን ግን የምለየው እንዲህ ነው፦ የመሣሪያው ግዙፍ አካል፣ ማለት እግር፣ ክንድ፣ ጭንቅላት፣ አፍንጫና ክንፍ፣ በራሱ ማጠፊያ መጓዝ አለበት፤ ምክንያቱም ንድፉ የሚናገረው ይህ አካል ወዴት እንደሚሄድ ነው። ክፍተት የምትሸፍን ስስ ቅርፊት ግን ብትተካ የሚጎድል ነገር የለም። ሙሉ ደረትን አንሥቶ በሌላ ደረት የሚተካ ኪት ለውጡን አላሳየም፤ ሁለት ሞዴል አሳየ። ክዳን የሚተካ ኪት ግን ለውጡን አሳይቶ መስመሩንም ጠበቀ።

የእውነተኛ አውሮፕላን ሞዴል ሠሪዎችም ከዚህ ጋር ሲታገሉ የኖሩ ናቸው። ክንፉ ወደ ላይ የሚታጠፈው የኤፍ4ዩ ኮርሴር ኪት አብዛኛውን ጊዜ የታጠፈውንና የተዘረጋውን ክንፍ እንደ ምርጫ ይሰጣል፤ ሠሪው አንዱን ይመርጣል። ኤፍ-14 ደግሞ ክንፉ በበረራ ላይ ከ20 እስከ 68 ዲግሪ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ብዙ ኪቶቹም ሁለቱን ክንፎች በጥርስ አያይዘው አብረው እንዲንቀሳቀሱ ያደርጓቸዋል። የኮርሴር ክንፍ የሚታጠፈው በመርከብ ላይ ቦታ ለመቆጠብ ነው፤ ባይታጠፍ አውሮፕላኑ ያው አውሮፕላን ነው። የኤፍ-14 ክንፍ ግን ባይንቀሳቀስ አውሮፕላኑ ሌላ ነው። የእኔም ሮቦት ከሁለተኛው ወገን ነው።

ቀን 20

የቀረው ጭንቀት አውሮፕላኑ በመቆሚያው ላይ ሲቀመጥ እግሮቹ ቀስ በቀስ ወደ ታች መውረዳቸው ነው። ማጠፊያውን ከማጥበቅ ይልቅ መቆለፊያ ሠራሁለት። በአውሮፕላን አቋም የዳሌው ክንድና የሆዱ ግድግዳ በሚገናኙበት ቦታ 1 ሚሊሜትር ቀዳዳ በስቼ፣ በውስጡ የሚያልፍ የነሐስ ፒን አስገባሁ፤ ጫፉ ላይ ቀይ ጥብጣብ አሰርኩለት። እውነተኛ አውሮፕላን መሬት ላይ ሲቆም የጎማ እግሩ እንዳይታጠፍ የሚገባለት ፒንም ከበረራ በፊት መነቀሉ እንዳይረሳ ቀይ ጥብጣብ አለው። ፒኑ ሲገባ ሞዴሉ እንደ ተጣበቀ ሆኖ ይቆማል፤ ሲወጣ ይለወጣል። ማጠፊያው ሁለት ሥራ ማለትም መዞርም መያዝም ስለማይጠበቅበት ሰበቃውን ቀነስኩት፤ ቀለሙም ከመፋቅ ዳነ።

የቀድሞ ሞዴሎቼን ማጠፊያ በሙጫ ከመዝጋቴ በፊት ይህን ፒን ባውቀው ኖሮ ስንት ሞዴል እንደሚተርፍልኝ አሰብኩ። መደርደሪያዬ ላይ ያሉት አራቱ ከእንግዲህ ሊከፈቱ አይችሉም።

ቀን 23

የመጨረሻው ገጠማ ተጠናቀቀ፤ ከአውሮፕላን ወደ ሮቦት አንድ ጊዜ፣ ወደ አውሮፕላን አንድ ጊዜ ቀየርኩት። ፒኑን መንቀል፣ የሆዱን ክዳን ማንሣት፣ እግሮቹን ወደ ፊት ማምጣት፣ ክንዶቹን ከመካከላቸው ማውጣት፣ አፍንጫውን ማጠፍ፣ ጭንቅላቱን ማዞር፣ ክንፎቹን ወደ ኋላ ሰብስቦ ጀርባው ላይ ማሳረፍ፣ የሮቦቱን ክዳን ማስገባት። ሳልቸኩል አምስት ደቂቃ ወሰደብኝ። ዳሌው አልጎነበሰም፤ ትከሻው ክንዱን ቀጥ አድርጎ ያዘ።

ስመልሰው የቀኙ ክንድ ክርን ከእግሩ ውስጠኛ ጎን ጋር ተነካካ፤ ከጥፍር ያነሰ ነጭ ጭረት ተወበት። ክፍተቱ ቀለሙ ከተገፈፈም በኋላ እጅ ለሚንቀጠቀጥ ሰው ጠባብ ነው። ጭረቱን በጥቁር ቀለም በብሩሽ ጫፍ ነካሁት፤ ከዚያም የክርኑን ጠርዝ በጥቂቱ አደነዘዝኩት፣ ማለት ስለታሙን ማዕዘን በብርጭቆ ወረቀት አለዘብኩት፤ ሁለተኛ ጊዜ ሳስገባው አልነካም።

አሁን በአውሮፕላንነቱ መቆሚያው ላይ ነው፤ ቀዩ ጥብጣብ ከሆዱ ሥር ተንጠልጥሏል። የሮቦቱ ክዳን በመቆሚያው ሥር በሠራሁለት ትንሽ ጎድጓዳ ውስጥ በማግኔት ተይዞ ተቀምጧል። የመፈተኛውን ኪት ሳልቀባ አስቀምጬዋለሁ፤ የቀኝ ዳሌው ገና በቀድሞው ኤቢኤስ ላይ ስለሆነ በሚቀጥለው ሳምንት በእርሱም የነሐስ ቱቦ አስገባለታለሁ።